ሁለት ዓይነት ነጭ

ጥንቸል ስይዝ ከኋላዋ ነበር የምይዛት። ግራ እጄ የጀርባዋን ልል ቆዳ ይጨብጣል፣ ቀኝ እጄ ከሥሯ ገብቶ ክብደቷን ይሸከማል፣ ፊቷ ከኔ ዞሮ ወደ ሰዉ ይሆናል። ሠልጣኞች ለምን ብለው ሲጠይቁኝ እንዳትቧጭር ነው እላቸው ነበር። መቧጨሩን ትቧጭራለች፤ የኔ ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። የኔ ምክንያት እናቴ ነበረች።

ሶዶ ተወልጄ ያደግኩት ጥንቸል በማይበላበት ቤት ነው። አያቶቼ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እኛ ቤት የሚበላውና የማይበላው እንስሳ ከፊደል በፊት ነው የሚታወቀው። የእንስሳት እርባታ ተምሬ ስመረቅ እናቴ የመሰላት ስለ ላምና ስለ ዶሮ ነበር። ጥንቸል ላይ መመደቤን ስትሰማ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ከዚያ ደንብ አወጣች፤ የሥራ ልብሴ ከግቢው በር አያልፍም፣ እጄን ውጭ ባለው ቧንቧ እታጠባለሁ፣ ስለ ጥንቸል ገበታ ላይ አይወራም። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ታጥቤ እጄን እንደ ሕፃን አሳያት ነበር። እስቅባትም ነበር። እየሳቅኩባት የእሷ መጸየፍ እኔም ውስጥ መግባቱን ግን አላስተዋልኩም። ጓንት አጥልቄ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ፊታቸውን ወዲያ አዙሬ የምይዛቸው ለዚህ ነበር።

ሥራዬ ለሴቶች ቡድን ጥንቸል የሚያድል ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። ሳምንቱን ቢጠና በተከራየሁት ክፍል እኖራለሁ፣ ጠዋት በሞተር ወደ ቀበሌዎቹ እወርዳለሁ፣ ቅዳሜ ሶዶ እመለሳለሁ። ይህ ታሪክ የሆነበት ቀበሌ ከዲምቱ ወጣ ብሎ ነው፤ ስሙን የማልጽፍበትን ምክንያት ስደርስበት እናገራለሁ። የቡድኑ ሴቶች በሙሉ የአንድ ጸሎት ቤት አባላት ስለነበሩ ሥልጠናውን የምሰጠው በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ከሥልጠናው በኋላ ደግሞ ምግብ አይቀርም። ጥንቸሉን ቀቅለው፣ ዳጣ፣ ያን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ አድርገውበት፣ ከጎደሬ ጋር ያቀርባሉ። እኔ ጾም ነኝ እላለሁ። ማክሰኞ ጾም ነኝ፣ ሐሙስ ጾም ነኝ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱም ጾም ነኝ አልኩ።

የዚያን ቀን የቡድኑ ሰብሳቢ ሳቅ አሉ። “ባለሙያችን፣ የናንተ ጾም አያልቅም እንዴ?” አሉኝና ሌሎቹ እስኪስቁብኝ ሳይጠብቁ ጎደሬውን ብቻ በንጹሕ ሳህን ለይተው ሰጡኝ። ገብቷቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔ በሄድኩ ቁጥር ሳህኔ ለብቻው ተሸፍኖ ይጠብቀኝ ነበር፣ ማንም ምንም አይለኝም።

ሰብሳቢዋ አርባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ በጸሎት ቤቱ ኳየር የፊት ረድፍ ላይ የሚቆሙ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ንግግራቸው አጭር ነው፣ የተናገሩትን አይደግሙም። አንዲት ልጃቸው ቦምቤ አግብታ ትኖራለች። ዛሬ እሳቸው እያልኩ ነው የምጽፈው። አንቺ ያልኳቸው ቀን ነበር፣ እሱም ይመጣል።

ጥንቸሎቹ ሲታደሉ ሁሉም ነጭ ነበሩ። ቀደም ሲል ሌላ ድርጅት ያደላቸው ትናንሽ ዥጉርጉር ጥንቸሎች በየቤቱ ስለነበሩ የኛ ፕሮጀክት ምልክቱ ነጭነት ነበር፤ ነጭ ከሆነ የኛ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል። እያንዳንዷ ሴት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ትወስዳለች። ከመጀመሪያው ወሊድ ሁለት ሴት ግልገሎች በዝርዝሩ ላይ ለተከታይዋ ታስረክባለች። ቅብብል እንለው ነበር። ሌሎቹ በተራቸው የደረሳቸውን ሲወስዱ ሰብሳቢዋ ብቻ ከቅርጫቶቹ ፊት ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ አንዱን ወንድ ይሄን ስጡኝ አሉ። የጆሮው ቁጥር አሥራ አራት ነበር። ትልቁን መርጠው ነው ብዬ በልቤ አደነቅኳቸው፣ ፎርሙ ላይም ጻፍኩ። ቁጥር አሥራ አራት፣ ወንድ፣ የጠጉር ቀለም ነጭ። ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ።

ቀለም ማስተማር እወድ ነበር። ለጥንቸል ጠጉር አማርኛ ስም አላበጀለትምና ከፈረስና ከከብት ተበድሬ አስተምራለሁ፤ ቡላ፣ ዳማ፣ አመድማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ካለው ቦቃ። እንስሳውን ከኋላ ይዤ ጠጉሩን እፍ እለዋለሁ። እፍ ሲባል ጠጉሩ ይከፈትና አመድማው አንድ ቀለም አለመሆኑ ይታያል፤ ሥሩ ሰማያዊ የመሰለ ግራጫ፣ መሐሉ ቢጫ ቀለበት፣ ጫፉ ጥቁር። ሴቶቹ ይገረማሉ፣ እየተጋፉ መጥተው እፍ ይላሉ። እኔ ደስ ይለኛል። ከዚያ ስለ ዘር እናገራለሁ። ነጭነት ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይታይም፣ ስለዚህ ነጭ የሆነ ጥንቸል የሚያወርሰው ሌላ ቀለም የለውም እላቸዋለሁ። ይህን በአንድ መስመር ሰሌዳው ላይ ጽፌ በአማርኛም በወላይትኛም አስደግማቸው ነበር። ነጭ ከነጭ፣ ነጭ ብቻ። እንደ መዝሙር ተቀባብለው ይሉታል። የሰብሳቢዋ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

የሰብሳቢዋ ጥንቸል ከሁሉ ቀድማ ወለደች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሄጄ የመውለጃውን ሣጥን ክዳን አነሳሁ። ሰባት ናቸው። ሰባቱም አመድማ። ሦስቱ ግንባራቸው ቦቃ ነው፣ ሁለቱ የፊት እግራቸው ነጭ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። አንድም ነጭ የለም።

ተናደድኩ። ይህን ስሜቴን ላሳምረው አልፈልግም። መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ አልነበረም፣ ንዴት ነበር። ጎደሬ ለይተው የሰጡኝ ሴት ሞኝ ያደረጉኝ መሰለኝ። ሰብሳቢዋ አጠገቤ ቆመው እሳቸውም ግልገሎቹን እያዩ ነበር፤ ደስ ብሏቸው ነበር እንጂ አልደነገጡም። ያም አናደደኝ። ከጎረቤት የአንዱን ዥጉርጉር ወንድ አስገብተው አስጠቅተዋት ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሌላ ነገር ሰማሁ። ቦምቤ ያለችው ልጃቸውም ጥንቸል ጀምራለች፣ ያውም ነጭ ነው አሉኝ። በዚያው ሳምንት እናትየው ቅርጫት ይዘው ቦምቤ ሲሄዱ ያየ ሰው ተገኘ። ቅርጫቱ ውስጥ ምን እንደነበር ያየ ግን የለም። ለኔ በቂ ነበር፤ ነጮቹን ግልገሎች ለልጃቸው አሻግረው እነዚህን ከመንደር ሰብስበው ተክተዋል ብዬ ደመደምኩ። ግልገሎቹ ገና ዓይናቸውን እየገለጡ መሆኑን፣ ከሌላ እናት ሥር አምጥቶ መተካት ቀላል አለመሆኑን አውቅ ነበር። ባለሙያ ነበርኩ፣ ማወቅ ሥራዬ ነው። ያን ጊዜ ግን ማወቁን አልፈለግኩም።

በሳምንቱ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሴቶቹ አሉ፣ ከቀበሌው አንድ ሰው አለ፣ ከጸሎት ቤቱ ሁለት ሽማግሌዎች መጥተዋል። በዝርዝሩ ላይ ተከታይ የነበረችው ሴት አመድማ አልቀበልም፣ የኔ ድርሻ ነጭ ነው ብላ ነበር። ግልገሎቹን በቅርጫት ከፊት አስቀምጠን ጉዳዩን እኔ አስረዳሁ። ሰሌዳው ላይ ያ መስመር ገና አልጠፋም ነበር። በእንጨት ጠቆምኩትና ያስደገምኩትን አስታወስኳቸው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ በለሆሳስ ደገሙት።

ሰብሳቢዋ ተነሱ። “ከዚያ ሣጥን ምንም አልወጣም፣ ምንም አልገባም” አሉ። “ይሄ ሴቷ፣ ከዚህ ወንዱ ነው የወለደው።” ከዚያ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። “ወንዱን ዓይኑን አይተሻል?”

እኔ የምንነጋገረው ስለ ጠጉር ነው አልኳቸው። እንዲያውም የተናገርኩበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ተማሪ ከርዕስ ሲወጣ አስተማሪ የሚናገርበት ድምፅ ነው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው አልደገሙትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ረጋ ያሉ አባት፣ ወደኔ ጠጋ ብለው በጨዋ ደንብ ጠየቁኝ፦ በምንም መንገድ፣ በአንድም ምክንያት፣ ከሁለት ነጭ እንዲህ ያለ ሊወለድ አይችልም ወይ አሉኝ። መውጫ እየፈለጉላቸው ነበር። እኔ በፍጹም አልኩ።

ሰብሳቢዋ አሁንም ግልገሎቹን አልቀየርኩም አሉ። ያኔ ነው ከአፌ የወጣው።

“ማርያምን በይ።”

እኛ ቤት ይህ ቃል እንደ ጨው ነው፣ ሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል። በቀን አሥር ጊዜ እላለሁ፤ ታክሲ አመለጠኝ ስል ማርያምን፣ በልቻለሁ ስል ማርያምን። ግን ሶዶ ነው ያደግኩት። ግማሹ የክፍሌ ልጅ የጸሎት ቤት ልጅ ነበር፣ እነሱ በማንም እንደማይምሉ፣ አዎን ካሉ አዎን እንደሆነ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አምልጦኝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። አምልጦኝ ወጣ፣ ከወጣ በኋላ ግን ልመልሰው እችል ነበር፣ አልመለስኩትም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ያ ጸጥታ እንደሚጠቅመኝ ገባኝ። እርስዎ የምላቸውን ሴት አንቺ ማለቴም የገባኝ ያኔ ነው፣ እሱንም አልመለስኩትም። ሰብሳቢዋ “እኛ አንምልም፣ ልጄ” አሉኝ። “ተናግሬያለሁ።”

ሪፖርቱን ያን ቀን ጻፍኩ። የተወለዱት ግልገሎች ቀለም ከወላጆቻቸው ጋር በሳይንስ የማይገናኝ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ተጠቃሚዋ በመሐላ እንዲያረጋግጡ ሲጠየቁ ፈቃደኛ አልሆኑም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል እውነት ነው። ይህን ያህል ያረከሰኝ እውነት ጽፌ አላውቅም።

ወንዱንና ሴቷን ወሰድንባቸው። ሰብሳቢነቱ ለሌላ ተሰጠ። ግልገሎቹን ከፕሮግራሙ ውጭ ናቸው አልኩ፣ ማን እንደወሰዳቸው አልጠየቅኩም። ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢዋ በጉባኤ ፊት ንስሐ እንዲገቡ ጠየቁ። እሳቸው ያላደረግኩትን አድርጌያለሁ ብዬ ንስሐ አልገባም አሉ፤ እስኪገቡ ድረስ ከኳየሩም ከጌታ እራትም ታገዱ። ይህን የነገሩኝ ሴቶቹ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም አልኩ። በሚቀጥለው ሥልጠና ለብቻው የተሸፈነ ሳህን አልነበረም። ጾም ነኝ ስል ማንም አልሳቀም፣ ማንም ምንም አላቀረበልኝም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። እኔ ሶዶ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ለማስተማር ተቀጠርኩ። ከፕሮጀክቱ የተረፉ ጥቂት ጥንቸሎች ለተግባር ትምህርት እንዲሆኑ እዚያው መጡ፤ ከነሱ መሐል አሥራ አራት ቁጥር ነበር። ነገር ያለበት ነው ተብሎ ማንም ለማርባት ሳይወስደው የቀረ ወንድ ነው። በጆሮው አወቅኩት። ሁልጊዜም የማውቀው ጆሮውን ነበር።

ለትምህርቱ ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር አስጠቃሁት። የዲምቱው ነገር ጥርጣሬ አስተምሮኝ ስለነበር የሣጥኑን በር በቁልፍ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ተማሪም፣ ዘበኛም፣ ማንም አይከፍትም። ስትወልድም ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። በስምንተኛው ቀን ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ክዳኑን አነሳሁት። ስድስት አመድማ። ሁለቱ ቦቃ።

የመኖው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ዘበኛውን ነበር፤ ማን ከፍቶ ነው አልኩ። ከዚያ እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ፣ ቁልፉን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር። እኔ ያለሁበት ቦታ የዚያች ሴት ቦታ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ሣጥን ምንም አልወጣም፣ ምንም አልገባም። ልዩነቱ እኔን ማርያምን በይ የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

ተነስቼ ጓንት ሳላጠልቅ አሥራ አራት ቁጥርን አወጣሁትና ወደ ፊቴ አዞርኩት። በሕይወቴ ጥንቸል ፊት ለፊት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቧጨረኝ። የሌሎቹ ነጮች ዓይን ቀይ ነው፣ የሱ ግን ሰማያዊ ነበር፤ ደማቅ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። ፎርሜ ላይ የዓይን ቀለም የሚል ዓምድ አልነበረም።

መልሱ የራሴ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ለፈተና አንብቤው ከፈተናው ጋር የረሳሁት አንድ አንቀጽ። ነጭ ሁለት ዓይነት ነው። ቀይ ዓይን ያለው ነጭ ቀለሙን ራሱን መሥራት አይችልም፤ ዓይኑ የሚቀላው ደሙ ስለሚታይ ነው። ሰማያዊ ዓይን ያለው ነጭ ግን ቀለም መሥራት ይችላል፣ የጎደለው ቀለሙን ወደ ጠጉሩ የሚያደርስለት ነገር ነው። አንዱ ቤት ቀለም የለም። ሌላው ቤት ቀለም አለ፣ ብሩሽ የለም። ሁለቱ ሲገናኙ ግልገሎቹ ከአባት ቀለሙን፣ ከእናት ብሩሹን ይወስዱና አመድማ ሆነው ይወለዳሉ። ቦቃውና ነጩ እግር ደግሞ ሰማያዊ ዓይን ያለው ወላጅ በልጆቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚተወው ምልክት ነው። እነዚያ ሰባት ግልገሎች አባታቸው ማን እንደሆነ ግንባራቸው ላይ ተጽፎ፣ በቅርጫት ሆነው፣ አዳራሹ መሐል ተቀምጠው ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰሌዳ እጠቁም ነበር።

ወዲያው ሮጬ የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። አምስት ወር ቆየሁ። ፈተና አለ አልኩ፣ ዝናብ ነው አልኩ፣ መንገዱ ተበላሽቷል አልኩ። እውነቱ ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ ለጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስህተቱ የኔ እንደሆነ፣ ሴትየዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ እውነቱን እንደተናገሩ፣ በሳይንሱም ይህ እንዴት እንደሚሆን። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ራሴ ላነበው ወሰንኩ። የአሥራ አራት ቁጥርን ፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ቅዳሜ ዕለት በሚኒባስ ወደ ዲምቱ ወረድኩ። ደብዳቤውን እየዳሰስኩ በመንገድ ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ትልቅ ስጦታ ይዤ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ሰብሳቢዋ ቤታቸው ነበሩ፤ አርጅተዋል። በዚያ የጥንቸል መውለጃ ሣጥን ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ማን እንደሆንኩ አውቀው ግቢ አሉኝና ሳልቀመጥ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡ። “ጾም ነሽ አይደል?” አሉኝ። በዚያ ጥያቄ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢኖረው ይቀለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ግልገሎቹ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ብሩሹ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን አርቀው፣ እንደገና አቅርበው ተመለከቱት። “ዓይኑን አየሽ” አሉ። ጥያቄ አልነበረም። እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ያኔ ደብዳቤውን አውጥቼ ነገ ጉባኤው ፊት እንደማነበው ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

ተናዝዣለሁ አሉኝ። እኔ ሶዶ ሆኜ ዝናብ እያልኩ ሳለሁ ነው። ያ የቅርጫት ወሬ ቦምቤ ደርሶ ነበር። የልጃቸው አማቶች የተሰረቀ እንስሳ ቤታችን ገብቷል ብለው ልጅቷን መነጋገሪያ አደረጓት፣ የዚያ ጸሎት ቤት ሽማግሌዎችም ጠሯት። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ቤቷ ሊፈርስ ሆነ። እናትየው ሁለት ዓመት የታገሉትን ትተው አንድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሙ። ነጭ ግልገል አልነበረም፣ ለልጄ የሰጠሁት የለም፣ የጎረቤት ወንድ አስገብቼ ያስጠቃኋት እኔ ነኝ፣ ዋሽቻለሁ አሉ። ትንሿን ኃጢአት መርጠው ልጃቸውን አወጡ። ጉባኤው አለቀሰ፣ ጸለየላቸው፣ ይቅር አላቸው። ኳየሩ የፊት ረድፍ ላይ መለሳቸው፣ የጌታ እራትንም ወሰዱ።

“እኔ የዋሸሁት ያን ቀን ነው” አሉኝ። “ከዚያ በፊት አልዋሸሁም።”

ሽማግሌዎቹ ይገባቸዋል፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እነግራቸዋለሁ፣ ማንም በእርስዎ አይፈርድም አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። “መጀመሪያ ባንቺ ወረቀት ውሸታም ነበርኩ” አሉ። “አሁን ይሄን ካነበብሽ በጌታ ቤት ውሸታም እሆናለሁ። በንስሐ ላይ የዋሸች ይሉኛል። እውነት ነው፣ ዋሽቻለሁ። ይሄን እኔና እግዚአብሔር እንጨርሰው። አንቺ ተዪው።”

እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ አልበቃቸውም። ደብዳቤውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በእርጋታ ያችን ቃል ራሷን መለሱልኝ።

“እናንተ ትምላላችሁ አይደል? ማርያምን በይ።”

“ማርያምን” አልኩ። “አልናገርም።”

በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳልኩት የማላውቀው ቃል የዚያን ቀን የእውነት መሐላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለተራ ነገር ከአፌ አይወጣም፣ እናቴ ምን ሆነሻል ትለኛለች። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የጸሎት ቤት ስም ያልጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህም ጽፌው መሐላዬን አፍርሼ እንደሆነ አላውቅም። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሪፖርቴም ከፕሮጀክቱ ወረቀቶች ጋር የሆነ መዝገብ ቤት ውስጥ አለ፤ በሳይንስ ተረጋግጧል ይላል፣ ሥሩ ፊርማዬ አለ፣ የሚያርመው ወረቀት ግን መቼም አይገባም። እውነቱን የምናውቀው ሁለት ነን፣ ሁለታችንም አንናገረውም።

እስከ መንገዱ ሸኙኝ። የሶዶ መኪና እስኪመጣ ጥላ ሥር ቆምን። እንስሳው በሕይወት አለ ወይ አሉኝ፣ አለ አልኳቸው። ፎቶውን አንዴ እንደገና እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ስልኩን ሰጠኋቸው።

“ለዓይኑ ነበር እኮ የመረጥኩት” አሉ። “ሲታደል ብዙ ያየሁት ለዚያ ነው። ቆንጆ ነው፣ አንቺም ያየሽው መስሎኝ ነበር።”

አላየሁም ነበር አልኳቸው። መኪናው መጥቶ ረዳቱ ሶዶ፣ ሶዶ እያለ እስኪጮህ ድረስ ስልኬን አልመለሱልኝም።